ለዳስ ተብሎ የተመነጠረው አረም

በእኛ ጊዜ ፊት ላይ የወጣ ነገር የባለቤቱ ብቻ አልነበረም፤ የእናትም ነው፣ የአባትም ነው፣ የሩቅ ዘመድም ነው። አሁን አንቺ ሚሚዬ፣ ጉንጬ ላይ ሳንቲም የምታክል ነገር ወጣችብኝ ብለሽ ቤት ተዘግተሽ፣ እጮኛሽ ሲደውል «ሥራ በዝቶባታል በሉት» እያስባልሽ፣ ያንን ከፋርማሲ ያመጣሽውን ቅባት ስትለቀለቂ ትውያለሽ። እሱም ምስኪን ኮፍያውን እንዳደረገ እደጅ ድረስ ይመጣና ግባ ሲሉት «እቸኩላለሁ» ብሎ ይመለሳል። ቅባቱን ተቀቢ፣ ሐኪም ያዘዘውን እኔ ተይው አልልሽም። ግን ሠርጓ ሲደርስ እንዲህ ያለ ጉድ የወጣባት የመጀመሪያዋ ሴት አንቺ አይደለሽም። ነይ እዚህ ተቀመጪ። እናንተም ያንን ቴሌቪዥን ቀንሱልኝ፣ ከሱ ጋር መጮህ አልችልም።

ያኔ የምንኖረው ሠራተኛ ሰፈር ነበር፣ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ። ጣሊያን ወጥቶ፣ ጃንሆይ ተመልሰው፣ ከተማው እፎይ ማለት የጀመረበት ዘመን ነው። ግቢው የእሜቴ የሻሽወርቅ ነው፣ እሳቸው ከፊት ለፊት ካለው ትልቁ ቤት ይኖራሉ፣ እኛ ተከራዮቹ ደግሞ ከጀርባ በተደረደሩት ቤቶች፣ ጓሮው የጋራችን ነው። ታዲያ የበልግ ዝናብ ጠብ ካለ ያ ጓሮ አረም በአረም ነው፤ ቅጠሉ ሰፋ ሰፋ ያለ፣ ፍሬው እንደ መንጠቆ ሆኖ ቀሚስ ላይ ልጥፍ የሚል። እናቴ እንጨት ልታመጣ ሄዳ በተመለሰች ቁጥር እደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ያንን ፍሬ ከጥለቷ ላይ እየለቀመች «ይሄ የማይረባ! ይሄ የትም የማይጠፋ!» ትለዋለች። ስሙን እንኳ አትጠራውም፣ «ያ ተለጣፊ» ነው የምትለው። ይሄን ያዙልኝ።

እና አያትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፒያሳ አንድ የአርመን ጫማ ቤት ውስጥ ሻጭ ነበር። ሽማግሌ ልኮ፣ አባቴ እሺ ብሎ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ለሃምሳው ተቆረጠ። እኔ እሱን ያየሁት ከሩቅ ነው፣ አንዴ በሱቁ መስኮት፣ አንዴ ጊዮርጊስ ሲሳለም። ወድጄዋለሁ፣ ምን እደብቃለሁ አሁን! ቁመቱን ወድጄለታለሁ። ታዲያ የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ጉንጬ አሳከከኝ፣ መስተዋት ባይ ክብ ነገር። ዳር ዳሩ ቀላ ያለ፣ መሐሉ አመድ የመሰለ። ጭርት ነው። ጭርት መሆኑን እናቴም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

ግን ያኔ ልጃገረድ ጉንጭ ላይ ክብ ነገር ታየ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሰው ጭርት አይልም። ሰው የሚለው ያንን ሌላውን ነው፣ ቁምጥናውን። የታመመው ሰው ምን በደለ! ነገር ግን ዘመኑ እንዲያ ነበር፣ ጋብቻ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዘራቸው ንጹሕ ነው ወይ?» ነው። አንዴ «እነሱ ቤት አለ» ከተባለ የኔ ሠርግ ፈረሰ ብቻ አይደለም፣ ከኔ በታች ያሉት እህቶቼም ጠያቂ አጥተው መቅረታቸው ነው። እናቴ ይሄን አስባ እንቅልፍ አጣች። ሐኪም ቤት ልሂድ ብላት «ወረፋው ላይ ማን እንደሚያይሽ ታውቂያለሽ? አራዳ እኮ ነው!» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አራዳ ጠዋት ያስነጠሰ ሰው ከሰዓት በኋላ «አረፈ አሉ» ተብሎ የሚለቀስበት አገር ነው። እና ቤት ውስጥ ሎሚ አሸችኝ፣ ነጭ ሽንኩርት አሸችኝ፣ ጉንጬ ተቃጥሎ ይባስ ቀላ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ መሄድ ጀመርኩ።

ታዲያ ጎረቤታችን እትዬ ሸምሲያ የሚባሉ የጉራጌ ሴት ነበሩ፣ ባላቸው ቆጮና ቅቤ ነጋዴ ናቸው። እስላም ናቸው፣ ከእናቴ ጋር ግን በዓሉን ተካፍለው ነው የሚውሉት። አንድ ቀን ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ጎኔ ቆሙና ወደኔ ሳያዩ ቀስ ብለው፣

«ጥርስሽን ነው ወይስ ጉንጭሽን?» አሉኝ።

እንባዬ መጣ።

«አታልቅሺ፣ እንባ ያባብሰዋል። እኔ እሠራልሻለሁ። ብቻ ምንድን ነው ብለሽ አትጠይቂኝ፣ እናትሽም አትጠይቀኝ።»

አየሽ፣ ያኔ መድኃኒት እንዲህ ነው። የሚያውቅ ሰው ስሙን አይናገርም፤ ስሙ አደባባይ ከወጣ ይረክሳል፣ አይሠራም ይባላል። እናት ለልጇ የምትነግረው ልትሞት ስትል ነው። ሲቆፈርም ጎሕ ሲቀድ፣ እህል ሳይቀመስ፣ ሰው ሳያናግሩ ነው፤ አንዲት ቃል ካመለጠች የዚያን ቀኑ ተበላሸ። እትዬ ሸምሲያም የት እንደሚሄዱ ሳናይ፣ ረፋዱ ላይ የሆነ ቢጫ ነገር በቅቤ ለውሰው በሲኒ ሸፍነው ያመጣሉ። ምኑም አይለይም፣ ድቅቅ ብሏል።

እናቴ ሲኒውን ከፍታ አሸተተችና «እትዬ ሸምሲያ፣ ቅቤ እኮ ነው፣ ጾም ነው» አለች። ከዚያ ነፍስ አባታችንን ልትጠይቅ ሄደች። ተመልሳ መጥታ ምን እንዳሏት ስትነግረን የሳቸውን ድምፅ አስመስላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ጉንጭ አይጾምም። ከንፈሯ ላይ እንዳይወርድ ብቻ በጀርባዋ ትተኛ» አለች። እና በጀርባዬ ተኛሁ። ያቃጥላል፣ ይቆጠቁጣል፣ ግን ከቀን ወደ ቀን ዳሩ ይጠወልግ ጀመር፣ ማሳከኩም ተወኝ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ወደ መስኮት አዙራ እያየች «ተመስገን» ትላለች። ፋሲካ ሲመጣ ግማሹ ሄዶ ነበር። ግማሹ።

ታዲያ በፋሲካ ሳምንት ከአያትሽ ቤት መልእክት መጣ። እናቱ ወይዘሮ ብዙነሽ የጥሎሹን ቀሚስ ሊለኩኝ ሊመጡ ነው፣ ከባላቸው እህት ጋር። የቀሚስ ልኬን በሰው መላክ ይቻል ነበር እኮ! ሊያዩኝ ነው የሚመጡት፣ ይሄ ለማንም አይጠፋም። እናቴ ብድግ አለች፤ ግድግዳው ይለቅለቅ፣ ምንጣፉ ይራገፍ፣ ጓሮው ይጽዳ። ዳሱም የሚጣለው እዚያው ጓሮ ስለሆነ አንድ የቀን ሠራተኛ ጠርታ «አንድም ቅጠል እንዳላይ» አለችው። እሱም ጨዋ ሰው ነበር፣ አላሳያትም። በመኮትኮቻ መንጥሮ መንጥሮ፣ ሰብስቦ ወንዝ ወስዶ ደፋው። ማታ እናቴ ወጥታ ጓሮውን አየችና ደስ አላት። «እሰይ፣ ያ ተለጣፊ ዛሬ ሄደልኝ» አለች።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ እናቴ አመድ ልትደፋ ወጣች፣ እኔም ተከትያት። እትዬ ሸምሲያ ጓሮው መሐል ቆመዋል። ዝም ብለው መሬት መሬቱን ያያሉ።

«ደህና አደሩ እትዬ ሸምሲያ?» አለች እናቴ።

መልስ የለም። በእጃቸው ብቻ መሬቱን ያሳያሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው እንዲህ፣ እንዲህ ያደርጋሉ። እናቴ ደነገጠች።

«ምነው? ምን ጣሉ? ወርቅ ነው?»

እራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንደገና መሬቱን። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እናቴ ወደኔ ዞራ «አስካለ፣ ውሃ አምጪ፣ ምላሳቸው ተይዟል!» አለች። ውሃ ይዤ ስመጣ ደግሞ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ሚስት አልማዝ ነጠላዋ ሥር ቢላ ደብቃ ከቤቷ ወጣች። ጓሮውን አየች፣ ቀጥ አለች። እናቴ «አልማዝ፣ ኧረ ነይ እኚህን ሴት እርጂኝ» ብትላት እሷም ዝም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ መሬቱን ታያለች። ወዲያው ደግሞ እሜቴ የሻሽወርቅ፣ የግቢው ባለቤት፣ ያን ሁሉ ዕድሜ ይዘው፣ በዱላቸው ቀስ እያሉ መጡና እሳቸውም ቆሙ፣ እሳቸውም ዝም። እናቴ መሐላቸው ላይ ከነአመዷ ቆማ ወደዚያ ዞራ ወደዚህ ዞራ «ምነው፣ ዛሬ ግቢው በሙሉ ዱዳ ሆነ እንዴ?» አለች።

አሁን ሳስበው ሆዴን እስኪያመኝ እስቃለሁ። ያኔ ግን አላሳቀንም። ለካ ሁሉም ለየራሱ፣ አንዱ ካንዱ ተደብቆ፣ ከዚያችው ጓሮ ያንኑ አረም ነው የሚቆፍረው! አልማዝ ለልጇ እራስ፣ እሜቴ የሻሽወርቅ ለእግራቸው፣ እትዬ ሸምሲያ ለኔ። እና አንዳቸውም መናገር አይችሉም፤ ከተናገሩ የዛሬው ይበላሻል። ደግሞ ዛሬ የሚቆፈር ነገር የለም።

በመጨረሻ እትዬ ሸምሲያ ነጠላዬን ገለጥ አድርገው ጉንጬን አዩ። ገና ግማሹ አለ። እንግዶቹ የሚመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣

«ቱልቱን የት አደረስሽው?» አሉ።

ወጣ። ተጠራ። እትዬ ሸምሲያ ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፣ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ከወጣ ወጣ። እናቴ ግራ ገብቷት «ቱልት? ያ ቀሚሴ ላይ የሚለጠፈው?» አለች። አልማዝ ደግሞ «እርስዎም ቱልት ነው?» ብላ እሷም አፏን ያዘች።

እናቴ ነገሩ ሲገባት እዚያው አመዱ ላይ ቁጭ አለች። «ልጄን በገዛ እጄ!» ብላ ደረቷን መታች። እትዬ ሸምሲያ ግን አልተቆጧትም። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው «ከእናቴ ነው የተረከብኩት፤ ለልጄ እንኳ ገና አልነገርኩም። አሁን እንግዲህ ረከሰ፣ ወላሂ ረከሰ» አሉ። እኔ በጣም አዘንኩ። ስለኔ ብለው ነው እኮ ከእናታቸው የተረከቡትን የጣሉት። ዝም ብለው ወደ ቤታቸው መግባት ይችሉ ነበር፣ ማን ምን ይላቸዋል?

ያን ጊዜ እሜቴ የሻሽወርቅ በዱላቸው መሬቱን ኮርኮር አደረጉና «ምን ታለቃቅሳላችሁ? ቅጠሉ ነው እንጂ የተመነጠረው ሥሩ የት ይሄዳል? ባሌ ይሄን አረም ዕድሜውን ሙሉ ሲነቅለው ኖረ፤ ባሌ ሄደ፣ አረሙ ይኸው አለ» አሉ።

እና እውነትም እትዬ ሸምሲያ በጣታቸው አፈሩን ገለጥ ቢያደርጉት ሥሩ አለ፣ ወደ ታች የጠለቀ፣ ሲሰብሩት ውስጡ ቢጫ። እናቴ ከተቀመጠችበት በእንብርክኳ ሄዳ ቆፈረች፣ አልማዝ በቢላዋ ቆፈረች፣ እኔም ቆፈርኩ። በዝምታ የሚቆፈረው መድኃኒት ያን ቀን በጫጫታ ተቆፈረ። አንዷ «እኔ በቅቤ ነው የምለውሰው» ትላለች፣ አንዷ «የለም፣ ደረቁን ነው» ትላለች፣ እሜቴ የሻሽወርቅ «እኔ የማውቀውን አትንገሩኝ» ይላሉ። እዚያው በእኛ ሙቀጫ ተወቀጠ። እትዬ ሸምሲያ ሲቀቡኝ «እንግዲህ የሠራ እንደሆነ ይሥራ» አሉኝ፣ ፊታቸው ግን ተስፋ የለውም። እኔም የለኝም።

ቀኑ ደረሰና ወይዘሮ ብዙነሽ መጡ፣ የባላቸው እህትም አብረው። እኔ ጥግ ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጫለሁ። ጉንጬ ታጥቧል፣ ክቡ ደብዝዟል፣ ግን ልብ ብሎ ላየው ጥላው አለ። እናቴ ጠላ ትቀዳለች። ወይዘሮ ብዙነሽ ቁመቴን ለኩ፣ ትከሻዬን ለኩ፣ ከዚያ፣

«ነጠላሽን ዝቅ አድርጊው ልጄ» አሉ።

ዝቅ አደረግሁት። አክስትየዋ ጠጋ ብለው ዓይናቸውን አጥብበው «ይሄ ጉንጯ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉ። እናቴ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠች። በቃ፣ አለቀልን አልኩ በሆዴ፤ የኔስ ይሁን፣ እህቶቼ አልኩ።

ወይዘሮ ብዙነሽ አውራ ጣታቸውን ጉንጬ ላይ አድርገው ቀስ ብለው አሹት። ከዚያ ነጠላቸውን የሚያስተካክሉ መስለው ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው ወሰዱ። እና ወደ አክስትየዋ ዞረው፣

«ፀሐይ ነው» አሉ። «የዘንድሮ ፀሐይ መቼ ለልጃገረድ ይራራል።»

አክስትየዋ ሌላ ሊሉ ሲሉ «ፀሐይ ነው አልኩ እኮ!» አሏቸው። ነገሩ ተዘጋ። እኔ ለምን እንዳዘኑልኝ አልገባኝም፣ ደግ ሴት ናቸው ብቻ ነው ያልኩት። እናቴ ግን ጎንበስ ብላ ጠላ ስታቀርብላቸው የነጠላቸው ጥለት ላይ አንድ ነገር አየች። ያ ተለጣፊ። የቱልት ፍሬ። እኛ ግቢ ለመድኃኒት የሚሆን አንድ ፍሬ እንኳ አልቀረም፣ ሁሉም ወንዝ ገብቷል! እናቴ በሁለት ጣቷ ለቀም አደረገችውና «ይቅርታ እሜቴ፣ ይቺ ተለጥፋብዎት» አለች። ወይዘሮ ብዙነሽ አዩዋት፣ እናቴም አየቻቸው።

«የመንገድ ነው» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ።

«አዎን፣ የመንገድ ነው» አለች እናቴ።

ሠርጉ ዕለት አያትሽ ከነሚዜዎቹ መጣ። ጥቁር ካፖርት፣ አዲስ ጫማ፣ ባርኔጣ ወደ ኋላ ደፍቶ፣ እንዴት ያምራል መሰለሽ። ሁሉም ሚዜ ዳሱ ሲገባ ባርኔጣውን አውልቋል፣ እሱ አላወለቀም። «ኩራተኛ ነው» ተባለ። ታዲያ ሙሽራ የአማቾቹን ጉልበት ሳይስም አይቀር፤ ጉልበት ደግሞ ባርኔጣ ተደርጎ አይሳምም። የአባቴን ከሩቅ ሸወድ አድርጎ አለፈ። እናቴ ዘንድ ሲደርስ ግን መላ አጣ፣ አወለቀና ጎንበስ አለ። እናቴ ከላይ ሆና አየችው። ከጆሮው በላይ ፀጉሩ የሳሳበት ክብ ቦታ፣ በቢጫ ቅቤ ወዝቶ።

እናቴ እጇን እዚያው ክቡ ላይ አድርጋ ከሰው ሸፈነችለት፣ መረቀችው፣ መረቀችው፣ ምርቃቱ አላልቅ አለ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ባርኔጣህን አድርግ ልጄ፣ ይበርድሃል» አለችው።

በዚያ ጠራራ ፀሐይ! ሰው ሁሉ ይተያያል። ወይዘሮ ብዙነሽ የዳሱን ምሰሶ ያያሉ። እትዬ ሸምሲያ እናቴን ጎንጠል አድርገው «ምንድን ነው?» ቢሏት፣ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ቱልት» አለች፤ ሁለቱ ሴቶች እየተደጋገፉ በሳቅ ወደ ጓዳ ገቡ። እኔ ደግሞ ማታ ለብቻችን ስንሆን አወቅሁት። ሁለታችንም ያንኑ ቅቤ እንሸታለን። አያትሽ እስኪሞት ድረስ «የፀጉር አስተካካዩ መቀስ ነው ያስያዘኝ» እንዳለ ነው፣ እኔም የኔን ፀሐይ ነው እንዳልኩ ነው።

ረከሰ ወይ ትይኛለሽ? የኔ ጉንጭ ሙልጭ ብሎ የዳነው ስሙ ከተጠራ በኋላ ነው። እትዬ ሸምሲያ እራሳቸው በየቀኑ እየመጡ እያዩ ይገርማቸው ነበር፣ በኋላ ለልጃቸውም እዚያው ጓሮ ውስጥ፣ በቁማቸው፣ በጠራ ቀን አሳዩዋት። እናቴም ከዚያ ወዲያ ያንን አረም አላስነቀለችም፤ እየሰደበች ነው ያኖረችው። አንቺ ግን ተነሥተሽ የጓሮ ሥር ጉንጭሽ ላይ እንዳትለጥፊ፣ ቅባትሽ ይበቃሻል። እኔ የምልሽ ሌላ ነው። ሦስት ሴት ንጋት ላይ ዱዳ ሆና የቆመችው መድኃኒቱን ልትደብቅ ይመስላት ነበር፣ የደበቀችው ግን ጭርቱን ነው። ጭርት ደግሞ የሌለበት ቤት አልነበረም።

ሚሚ ጉንጯን በእጇ እንደያዘች፦ «እማማ… እሱም እኮ ሰሞኑን ግባ ሲባል የማይገባው፣ ያንን ኮፍያውን ላለማውለቅ ይሆን እንዴ?»

እንግዲህ ሂጂና ደውዪለት። ኮፍያህን አድርገህ ና በዪው።